በዚር የበረደ ስልጆ

ወርቅውሃ ጁባ በገባች ሰሞን ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች። ሃይማኖቷ የማይከለክላትን፣ የአገሩ ሰው እየበላ የሚኖርበትን ማንኛውንም ምግብ ሦስት ጉርሻ ሳትቀምስ "አይሆነኝም" ላትል ወሰነች። በመጀመሪያው ጉርሻ አፍ ይደነግጣል፤ እሱ አይቆጠርም ትላለች። በሁለተኛው ምላስ ይለምዳል። በሦስተኛው ይፈረዳል። በዚህ ሕግ ኪስራ የሚባለውን ስስ የማሽላ ቂጣ ወደደችው። በተፈጨ ኦቾሎኒ የሚሠራውን የቅጠል ወጥም ወደደችው፤ እንዲያውም ለጾም ቀን የተላከ በረከት አድርጋ ቆጠረችው። ፀሐይ ላይ የደረቀውን የነጭ ዓባይ ዓሣ ግን በሦስተኛውም ጉርሻ ልትታረቀው አልቻለችም። "ተፈርዶበታል" አለች፤ ከዚያ ወዲህ በተሰጣበት መንገድ እንኳ አታልፍም።

አሁን አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ቡሉክ በሚባለው የጁባ ሰፈር ሐጎስ የሚባል የአገሯ ሰው በከፈተው አነስተኛ ሆቴል ወጥ ትሠራለች፤ ቤቷ ሎሎጎ ነው። ቀጠን ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ውዳሴ ማርያም በልቧ የምትደግም ሴት ናት። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየችም። ያወቀችውን ያወቀችው በመሞከር ነው። አንድ ክረምት መንገድ ተቆርጦ ሽሮ ከአገር አልመጣ ሲል፣ ከገበያ ሉቢያ የሚሉትን የአገሩን አደንጓሬ ገዝታ ቆላች፣ ከካች፣ ከነቅመሙ አስፈጨችና ሽሮ አደረገችው። ደንበኞቹ ሳህኑን ጥርግ አድርገው በሉ።

ሐጎስ ወደ ወጥ ቤቱ ብቅ ብሎ፣ "ሉቢያ ነው ብለሽ እንዳትነግሪያቸው" አላት በሹክሹክታ።

"ጋሼ ሐጎስ፣ ጾመኛ ሆኜ ልዋሽልህ?" አለችውና ወጥታ ለሁሉም ነገረቻቸው። ቅር ያለው አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ብቻ ነበር፤ እሱም ቅር ያለው ሁለተኛ ሳህን አዝዞ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከሆቴሉ ጎን የሺፋ ሱቅ አለ። ሺፋ የሐይቅ ልጅ ናት፣ ወርቅውሃ የደላንታ፤ ሁለቱም ወሎዬ ናቸው። ወርቅውሃ ከአውቶቡስ ወርዳ የምታድርበት ጠፍቷት በቆመችበት በዚያ የመጀመሪያ ቀን፣ ከሱቁ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ "አንቺ ልጅ፣ ወሎዬ አይደለሽም እንዴ? አቋቋምሽ ያስታውቃል" አለ። በባቄላና በስኳር ጆንያዎች መካከል ፍራሽ ያነጠፈችላት ያቺ ባለድምፅ ናት። ወርቅውሃ ያንን ፍራሽ በጸሎቷ ሳታነሳው የዋለችበት ቀን ጥቂት ነው።

በሥጋ ግን ይለያያሉ። እንደ አገራቸው ልማድ በቢስሚላህ የታረደውን ወርቅውሃ አትበላም፤ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ሺፋ አትበላም። በፋሲካና በዒድ እንኳን አደረሰሽ ይባባላሉ፣ ዳቦና ለስላሳ ይላላካሉ፤ ወጡ በየቤቱ ይቀራል። የጾም ምግብ ሲሆን ድንበሩ ይነሳል፤ ባቄላን ማን ያርደዋል? ስለዚህ ወርቅውሃ ሁዳዴ ሲገባ ደስ ይላታል። ለጸሎቱ ነው፤ ደግሞም ከሺፋ ጋር በአንድ ትሪ የምትቀርብበት ወራት ስለሆነ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ሊገቡ መሆናቸውን ሲሰሙ ሁለቱም በደስታ ተሳሳቁ። "ማታ ማታ አብረን እናፈጥራለን" ተባባሉ።

ጾሙ ሲገባ ሺፋ ታመመች።

መጀመሪያ ወባ ነበር፤ አስከትሎ ታይፎይድ መጣ። መድኃኒቱ በሽታውን አባረረው፤ የምግብ ፍላጎቷንም አብሮ አባረረው። ሾርባ ቢመጣላት፣ አጥሚት ቢመጣላት፣ ፍራፍሬ ቢመጣላት አንድ ማንኪያ ወስዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። "ሁሉም አመድ አመድ ይለኛል" ትላለች። ሐኪሙ ልጇን ወደ ጎን ጠርቶ፣ "በሽታው ወጥቷል፤ ከአሁን በኋላ የሚያነሳት ምግብ ነው። ካልበላች ግን…" አለው።

ልጇ አልአሚን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ልቡ ቀና ነው፤ ሲጨንቀው ግን ይቆጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው እሑድ የአዲስ አበባ ትኬት ቆረጠ። "እስከዚያ መብላት ካልጀመረች አክስቴ ጋ እወስዳታለሁ፤ ሱቁንም እዘጋዋለሁ" አለ። "ቁጭ ብዬ ስትሟሟ አላይም።"

ሺፋ ይህን ስትሰማ ከፍራሹ ቀና ልትል ሞከረች፤ አቃታት። "አባትህን አብዱራሕማንን እዚህ ነው የቀበርኩት" አለች ተኝታ። "መቃብሩ ላይ ቆሞ ሰላም የሚለው ማን ሊሆን ነው? እኔ ከዚህ አልሄድም።"

"እንግዲያው ብዪ፣ ኡሚ።"

"መብላት ብችል እምቢ እልህ ነበር?"

በማግስቱ ወርቅውሃ ከሥራ ስትወጣ የአጃ ሾርባ ይዛ መጣች። ሺፋ አየችውና ዓይኗን ጨፈነች።

"ተይው ወርቄ። አትልፊ።"

"እሺ ምን ባመጣልሽ ትበያለሽ? ዝም ብለሽ ያማረሽን ተናገሪ።"

"ምንም።"

"ምንም የማያምረው የሞተ ሰው ነው። ተናገሪ እንጂ!"

ሺፋ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ በደረቀው ከንፈሯ ላይ ትንሽ ሳቅ ብቅ አለ። "ስልጆ" አለች።

"ምን?"

"ስልጆ። ልጆች ሆነን ጎረቤታችን እማማ የሺጥላ በሁዳዴ በጣሳ ይልኩልን ነበር። ከክርስቲያን ቤት መጥቶ እናታችን ሳትጠይቅ የምታቀርብልን እሱን ነበር። አፍንጫችን እየነደደ፣ እያለቀስን፣ ጨምሩልን እያልን እንበላው ነበር።"

"ጁባ ላይ ስልጆ! ወባው ገና ከራስሽ አልወረደም።"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። የማይገኝ ስለሆነ ነው ያማረኝ። በይ ተይው።"

ወርቅውሃ መተው የሚሆንላት ሰው አልነበረችም። በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ሐሳቧ ሁሉ ስልጆ ሆነ። ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውኃ እንደሚሠራ፣ ሰናፍጭ እንደሚገባበት፣ በማሰሮ ተብላልቶ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም እንደሚታሽ ታውቃለች። ቀዝቃዛ ሆኖ ቀርቦ አፍንጫን እንደ እሳት እንደሚያነቃም ታውቃለች። በልታዋለች እንጂ ሠርታው ግን አታውቅም። እናቷ ስትሠራው የእሷ ድርሻ ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፎ ማምጣት ነበር። ስለዚህ ደላንታ ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ለማናህሎሽ ደወለች።

"ሱፉን ቆልተሽ ትወቅጪና በውኃ በጥብጠሽ በጨርቅ ታጠልይዋለሽ" አለች ማናህሎሽ። "ውኃውን አፍልተሽ የባቄላውን ዱቄት እየበተንሽ ታማስያለሽ፤ እንደ ገንፎ ሲሆን ታወጪዋለሽ። በደንብ ሲበርድ ሰናፍጩን ትጨምሪያለሽ። ከዚያ አፉን ከድነሽ፣ በጋቢ ጠቅልለሽ፣ ምድጃው ጥግ ታስቀምጪዋለሽ። ሳምንት እንዳትነኪው። እማዬ እንዲያ ነበር የምታደርገው።"

"እንዳልሽ አደርጋለሁ" አለች ወርቅውሃ፤ እንዳለችውም አደረገች።

ባቄላውን ከሺፋ ሱቅ ወሰደች። አልአሚን ለምን እንደሆነ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ቢሆንም ሰፈረላት። ሰናፍጩን ከሕንዶች የቅመም ሱቅ አገኘች። ጤና አዳሙ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ ስለነበር አስፈቅዳ ቀጠፈች። ሱፍ ግን ገበያውን ሁሉ ዞራ አጣች። "ኦቾሎኒም ቅባት ነው፣ ሱፍም ቅባት ነው" ብላ በምትኩ ኦቾሎኒ ገዛች። ገንፎውን በሆቴሉ ወጥ ቤት አብስላ፣ እጅ የማያቃጥል ሲሆን ሰናፍጩን ጨመረች። ማሰሮ ስላልነበራት በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ገልብጣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ገጠመችው። በጋቢ ጠቅልላ ምድጃው ጥግ አስቀመጠችው፤ አማተበችበትና ሄደች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሆቴሉ ሞልቶ ሳለ ከወጥ ቤት "ዷ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጁባ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ይተኛል። ተመጋቢው ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረረ። አንድ የቢሮ ሠራተኛ የሽሮ ድስቱን እንዳቀፈ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሐጎስ ከባንኮኒው ኋላ እየዳኸ ወደ ወጥ ቤቱ በር ደረሰና አንገቱን አስገባ። ወርቅውሃ መሐል ላይ ቆማለች። ከሻሽዋ እስከ ጫማዋ፣ ከግድግዳው እስከ ጣሪያው፣ ቢጫ ገንፎ ይንጠባጠባል።

"ምንድን ነው የፈነዳው?"

"ባቄላ ነው ጋሼ።"

"ባቄላ ይፈነዳል እንዴ?"

"እኔም ዛሬ ነው ያየሁት።"

ሐጎስ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። ሽታው ሲደርሰው አፍንጫውን በእጁ ያዘ። "ወርቅውሃ፣ በሉቢያው ዝም አልኩሽ። በማሽላው ቂንጬ ዝም አልኩሽ። ይሄ ግን ከሆቴሌ ይውጣልኝ።"

"ለሺፋ ነው፤ እንድትበላ ብዬ ነው።"

ሐጎስ ወደ ጎረቤት ሱቅ አቅጣጫ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲያው ማቀዝቀዣው ውስጥ አድርጊው። እዚያ ቢያንስ አይፈነዳም። ጣሪያውንም አንቺ ነሽ የምታጸጂው።"

ጣሪያውን አጽድታ ስትጨርስ ለእህቷ ደወለች። "ማናህሎሽዬ፣ ጋቢሽ ጉድ ሠራኝ!"

"እንዴት? እዚያ ምን ያህል ቢሞቅ ነው?"

"ዶሮዎቹ እንቁላላቸውን ቀቅለው ነው የሚጥሉት።"

ማናህሎሽ ሳቋን ስትጨርስ፣ "እንግዲህ እኔ የማውቀው የደላንታን ብርድ ነው" አለቻት። "ለዚያኛው አገር አንቺው ዕወቂበት።"

ወርቅውሃ ይህቺን ቃል ይዛ ቀረች። ሁለተኛውን ጊዜ ኦቾሎኒውን ተወችው፤ ቅባቱ ሲቆይ የሚያመጣውን ሽታ አልወደደችውም። ጁባዎች ሲምሲም የሚሉትን ሰሊጥ ገዛች። በውኃ አርሳ፣ አሽታ ገለባውን አወጣች፤ ለብ አድርጋ ቆልታ ወቀጠችው። ስታጠልለው ውኃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወረደ። "ይኸው ሱፌ!" አለች ብቻዋን። ገንፎውንም እንደ ፊተኛው ሠርታ በማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ አኖረችው።

ማቀዝቀዣው ውስጥ ግን ነገር ሁሉ ይተኛል። በየቀኑ ክዳኑን ከፍታ ታሸትተዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል በአፏ ስለማይገባ ዳኛዋ አፍንጫዋ ነው፤ አፍንጫዋም ምንም አልነገራትም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ስትቀምሰው ያው የባቄላ ገንፎ ነው። ሺፋ በበኩሏ እየቀለጠች ሄደች። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። ወርቅውሃ ያን ክር ያየች ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። እንዳልደረሰ ልቧ እያወቀው፣ ምናልባት ሰናፍጩ ብቻውን ያስበላት ይሆናል ብላ በሳህን ይዛ ሄደች።

ሺፋ አንድ ጊዜ ቀመሰችው። "ይሄ ጥሬ ባቄላ ነው፣ ወርቄ" አለች፤ ወዲያውም የጠጣችውን ውኃ ጭምር አስመለሳት። አልአሚን ሳፋውን ያዘላት፣ ፊቷን ጠረገላት፣ አስተኛት። ከዚያ ወርቅውሃን ተከትሎ ወደ ደጅ ወጣ።

"እትዬ ወርቄ፣ እንደ እናቴ ነው የማይሽ። ግን እናቴ መሞከሪያ አይደለችም።"

ወርቅውሃ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። "እውነትህን ነው" አለችው።

"እሑድ እንሄዳለን። እስከዚያ አታስቸግሪያት፤ በሰላም እንሸኛት።"

"እሑድ ገና አልደረሰም፣ አልአሚን" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። እሱም ምን ማለቷ እንደሆነ ሳይጠይቃት ገባ።

ሎሎጎ ስትደርስ ውኃ ጥሟት ነበር። ጎረቤቷ ኪደን የረጃፍ ተወላጅ፣ ኪስራ እየጋገረች የምትሸጥ፣ ሰውነቷም ሳቋም ሰፊ የሆነ ሴት ናት። በደጃፏ ኒም ዛፍ ሥር ዚሮቿ ተደርድረዋል፤ አገሬው የመጠጥ ውኃ የሚያስቀምጥባቸው፣ ወገባቸው ሰፊ የሆኑ የሸክላ ጋኖች ናቸው። ወርቅውሃ እንደ ልማዷ በጣሳ ቀድታ ጠጣች። ውኃው ጥርሷን ነካት። ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ዙሪያው ሁሉ እየነደደ ይህ ውኃ ከየት በረደ? እጇን በዚሩ ሆድ ላይ አደረገች፤ እርጥብ ነው። ዚሩ ያልበዋል፤ በላቡም ይበርዳል። ስንት ዓመት ከዚህ ዚር ስትጠጣ ኖራ አንድ ቀን ነገሬ አላለችውም። ቅዝቃዜው እንደ ማቀዝቀዣው የሚያደነዝዝ አይደለም፤ እንደ አየሩም አያፈላም። የእናቷ ጓዳ በሁዳዴ ጠዋት የሚበርደውን ያህል ነው የበረደው።

"ማማ ኪደን" አለች፣ "አንድ ዚር ስጪኝ።"

"ለውኃ?"

"ለባቄላ።"

ኪደን ኪስራዋን ማንሳት ትታ አየቻት። "ባቄላሽን ጠማው እንዴ?"

ወርቅውሃ በምትችለው የጁባ ዓረብኛ ሁሉንም ነገረቻት። ስለ ፍንዳታው ስትሰማ ኪደን ጭኗን እየመታች ሳቀች፤ ስለ ሺፋ ስትሰማ ሳቋን ሰበሰበች። ተነሥታ ከኋላ በኩል አፉ የተሸረፈ አሮጌ ዚር አንከባልላ አመጣች። "ባቄላ ያደረበት ዚር ተመልሶ ለውኃ አይሆንም። ይህን ውሰጂው። ያፈስሳል፤ ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያበርደው እሱ ነው።"

ወርቅውሃ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ገንፎውን በኪደን ምድጃ ላይ አበሰለችው። በዚህ ጊዜ ከኪደን በተዋሰችው የሸክላ ማሰሮ አደረገችውና ሰናፍጩን ሳትጨምር እንዲሁ ዚሩ ውስጥ አስቀመጠችው። እህቷ "በደንብ ሲበርድ" ያለችው አሁን ገባት። እስካሁን በርዷል የምትለው እጅ የማያቃጥለውን ነበር፤ የጁባ አየር ከዚያ በላይ አያበርድም። ማሰሮው በዚሩ ውስጥ ቆይቶ እንደ ጠዋት ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጩን ጨመረች። አፉን እንደ ፕላስቲኩ አልወተፈችውም፤ ትንፋሽ እንዲያገኝ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። በማሰሮውና በዚሩ መካከል እርጥብ አሸዋ ሞላች፤ ላዩ ላይ የረጠበ ጆንያ ጣለች። ሲነጋ ወደ ሥራ ሳትሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ፣ አቡነ ዘበሰማያት እየደገመች ጆንያውን በውኃ ታርሰዋለች። እሷ በሌለች ጊዜ ኪደን ታርሰዋለች። "ሞግዚት አደረግሽኝ" እያለች ብታጉረመርምም አንድ ቀን አልረሳችም።

ሐሙስ ጠዋት ወርቅውሃ ጨርቁን ስትገልጥ ሽታው ተቀብሏት ወጣ። ኮምጠጥ ያለ፣ ሰርንን የሚወጋ ነው። ልትቀምሰው ግን አትችልም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው።

"ማማ ኪደን፣ በእግዜር፣ በእኔ ፈንታ ቅመሺልኝ።"

ኪደን ጣቷን ነክራ ላሰች። "ዴ ሹኑ!" ብላ ጮኸች፤ ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አፍንጫዬ ውስጥ ሰው ገባ!"

"መታሽ?"

"መታኝ እንጂ! ደግሞ ይኮመጥጣል!"

"እሰይ! ተመስገን አምላኬ!" አለች ወርቅውሃ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ።

"እኔ ሳለቅስ አንቺ ታመሰግኛለሽ?" አለች ኪደን፤ እያለችም ጣቷን ደግማ ነከረች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነክር ወርቅውሃ እጇን ያዘቻት። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ጤና አዳሙን ወቅጣ፣ ጨው ጣል አድርጋ አሸችበትና መልሳ ከደነችው።

ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባይጾምም፣ ወርቅውሃ ከሺፋ ጎን ላፈጥር ብላ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ስልጆውን በጣሳ፣ የኪደንን ኪስራ በጨርቅ ይዛ ወደ ቡሉክ መጣች። አልአሚን ከቤቱ በር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የታሰረ ሻንጣ አለ። ጣሳውን ሲያይ ተነሥቶ በሩን በሰውነቱ ዘጋው።

"እትዬ ወርቄ፣ ተነጋግረናል እኮ።"

"ላስቸግራት አልመጣሁም። ከጠዋት ጀምሮ አፌ ውስጥ ምንም አልገባም። ከእናትህ ጎን ተቀምጬ የራሴን እራት ልብላ። ነገ ከሄደች መቼ አገኛታለሁ?"

ረመዳን ነው፤ እሱም ጾሞ የዋለ ሰው ነው። ጾመኛን በማፍጠሪያ ሰዓት ከደጅ የሚመልስ ሙስሊም የለም። አልአሚን ጣሳውንም እሷንም አየና ከበሩ ዞር አለ። "ለእሷ ግን አትስጫት" አለ።

"አልሰጣትም።"

ሺፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ወርቅውሃ ሰላም ብላት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አዛን ሲሰማ አልአሚን በተምርና በውኃ አፈጠረ። ወርቅውሃ አማትባ ጣሳውን ከፈተች፣ ኪስራ ቆርሳ ነከረችና ጎረሰች። ሰናፍጩ ወዲያው አናቷ ላይ ወጣ፤ አስነጠሳት። ደግማ ጎረሰች። ቤቱ በሽታው ተሞላ። ሺፋ ሳትዞር አየር ወደ ውስጥ ሳበች፤ ደግማ ሳበች።

"ወርቄ" አለች። "ምንድን ነው እሱ?"

"የራሴ እራት ነው። አንቺ ተኚ።"

"ምንድን ነው አልኩሽ?"

"ጥሬ ባቄላ ነው ብለሽኛል እኮ።"

ሺፋ ዞረች። ዓይኖቿ ትልልቅ ሆነዋል። "አምጪው።"

"ለልጅሽ ቃል ገብቻለሁ። አልሰጥሽም።"

"አልአሚን! ይህቺን ሴትዮ አምጪው በላት!"

አልአሚን ከመካከላቸው ቆሞ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ጣሳውን አየ። እናቱ ድምፅዋን እንዲህ ከፍ ካደረገች ሰንብታለች። ሳፋውን አነሣና በአንድ እጁ ያዘ፤ በሌላው ትራሱን ደግፎ ቀና አደረጋት። "ስጫት" አለ በቀስታ።

የመጀመሪያው ጉርሻ አስነጠሳት። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ አልአሚን ሳፋውን አስጠጋ። ሺፋ በእጇ ገፋችው። በሁለተኛው ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ አኘከች፤ ዋጠችም። ሦስተኛውን ራሷ ቆርሳ፣ ራሷ ነክራ ጎረሰች። ወርቅውሃ የሺፋን ከንፈር ታያለች።

"ጨው ያንሰዋል" አለች ሺፋ።

ወርቅውሃ ሳቅና ለቅሶ አብረው ያዟት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ምን ያስቅሻል? ያንሰዋል እኮ! ደግሞ ይሄ ባቄላ ከእኛ ሱቅ ነው?"

"ከእናንተው ነው።"

"ከጓሮ በር ካለው ጆንያ ነው የሰፈረልሽ?"

"መሰለኝ።"

ሺፋ ወደ ልጇ ዞረች። "ያ ባቄላ ያምና ነው። ነቀዝ ሳይበላው ሽጠህ እንድትጨርሰው ነግሬህ ነበር። አሮጌ ባቄላ ለሰው ትሰፍራለህ? እኔ ስተኛ ሱቁን እንዲህ ነው የምታደርገው?"

አልአሚን ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የተቋጠረው ነገር ሲፈታ ወርቅውሃ አየችው። "አጥፍቻለሁ፣ ኡሚ" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ነገ… ጉዞው…" ጀመረ።

"መሄድ ካማረህ ሂድ። አክስትህን ሰላም በልልኝ" አለች ሺፋ፤ ሌላ ኪስራም ቆረሰች።

ያን ማታ የበላችው ብዙ አልነበረም። ሕመምተኛ በአንድ ጀንበር አይነሣም። ግን አላስመለሳትም፤ ሌሊቱንም ሙሉ ተኛች። ወርቅውሃ ጣሳውን ትታላት፣ "ጨው እጨምርበታለሁ" ብላ ወጣች።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ አዲስ ጣሳ ይዛ መጣች። ሻንጣው በሩ ላይ አልነበረም። ሺፋ በሱቁ ደጃፍ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ አንገቷ ላይ ቀለበቱ በክሩ ተንጠልጥሏል። አልአሚን ከእግሯ ሥር ጆንያውን ዘርግፎ፣ የነቀዘውን ባቄላ ከደኅናው ይለቅማል።

"እሱንስ? እሱ አልተበሳም?" ትለዋለች። "ዓይንህን ግለጥ!"

በራሳቸው ላይ አንድ አውሮፕላን ወደ አገር ቤት አቅጣጫ አለፈ። አልአሚን ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ ወደ ባቄላው ተመለሰ። ሺፋ ግን ዓይኗ ጣሳው ላይ ነበር።

"ጨው ጨመርሽበት?" አለች።